በዓሣ ጭንቅላት ውስጥ ያለ መታወቂያ

«ዓሣ ጆሮ አለው?» ብሎ አንድ ሕፃን ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሳላችሁ? ቆቦ ውስጥ የሳይንስ መምህር ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ከአንዱ የክፍሉ ጥግ ይነሣ ነበር። አሁን ደግሞ የሚጠይቁኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው። ዓሣ በተሠራ ቁጥር ጭንቅላቱን እያገላበጡ ጆሮውን ይፈልጋሉ፤ አያገኙትም። እንደ በግና እንደ ፍየል ተንጠልጥሎ የሚታይ ጆሮ የለውምና።

መልሱ ግን «አለው» ነው። የዓሣ ጆሮ ያለው ከራስ ቅሉ ውስጥ፣ ከዓይኖቹ ወደኋላ፣ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ነው። በዚያ ጆሮ ውስጥ ደግሞ እንደ እብነ በረድ የነጡ ጥቃቅን ድንጋዮች አሉ። እኛ ጭንቅላቱን ለድመት ስንወረውር አብረን የምንወረውራቸው እነዚህ ድንጋዮች የዓሣው መታወቂያ ናቸው ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ዓሣው ከየትኛው ወገን እንደሆነ፣ ምን ያህል ርዝመት እንደነበረውና ስንት ዓመት እንደኖረ በላያቸው ተጽፏል። ባለሙያዎች ሥጋውንም ቆዳውንም ሳያዩ፣ ድንጋዩን ብቻ በመዳፋቸው ይዘው የብዙ የባሕር ዓሣዎችን ዝርያ ይናገራሉ።

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህ ንባብ ነው። ነገሩ ከእኛ ከቆላማው የራያ ሰዎች የራቀ ይመስላል። ባሕር የለን፣ መርከብ የለን። ግን እንደምታዩት ከገበታችንም፣ ከሐይቆቻችንም፣ ከእኛ ከሽማግሌዎቹ ራስም ጋር የተያያዘ ነው።

ጥርስ አይቶ በሬ፣ ድንጋይ አይቶ ዓሣ

አንዳንድ ሰው «ድንጋይ አይቶ የዓሣ ዘር መለየት» ሲባል ጥንቆላ ይመስለዋል። የራያ ገበሬ ግን ሊገረም አይገባም። ቆቦ ገበያ ላይ በሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ምንድን ነው? የበሬውን ከንፈር ገልብጦ ጥርሱን ያያል። የላሟንም ቀንድ ሥር በጣቱ ዳስሶ፣ በቀለበቶቹ ብዛት ስንት ጊዜ እንደወለደች ይገምታል። ባለቤቱ «ገና ወጣት ናት» ቢል እንኳ ቀንዷ ይመሰክርባታል።

በማሽላውም እንዲሁ ነው። ደጋሊትን ከጅጉርቲ ለመለየት አባቶቻችን መጽሐፍ አልገለጡም። አንድ ፍሬ በመዳፋቸው ላይ አድርገው፣ ቅርጹንና ቀለሙን አይተው፣ ዘሩን ይጠሩታል። ትንሽ ነገር ስለ ትልቁ ነገር እንደሚናገር እያወቁ ያደጉ ሰዎች ናቸው። የዓሣ ባለሙያም የሚያደርገው ይኸንኑ ነው፤ ልዩነቱ ፍሬው ድንጋይ መሆኑ ብቻ ነው።

ሦስት ጥንድ ድንጋዮች

በዘልማድ «የጆሮ አጥንት» ይባሉ እንጂ አጥንት አይደሉም። እንደ ዛጎል ከኖራ ዘር፣ ማለትም ከካልሲየም ካርቦኔት፣ ከጥቂት ፕሮቲን ጋር ተቀላቅሎ የተሠሩ ናቸው። በሳይንሱ ኦቶሊት ይባላሉ፤ በግሪክኛ «የጆሮ ድንጋይ» ማለት ነው። አጥንት ያላቸው ዓሣዎች በአብዛኛው ሦስት ጥንድ አላቸው። አንደኛው ሳጊታ ይባላል፤ «ፍላጻ» እንደማለት ነው። ሁለተኛው ላፒሉስ፣ «ጠጠር»፤ ሦስተኛው አስቴሪስከስ፣ «ትንሽ ኮከብ» ይባላል። እንደ ሻርክ ያሉት ግን እንዲህ ያለ ቅርጽ የያዘ ድንጋይ የላቸውም፤ በጆሯቸው ውስጥ ያለው እንደ አሸዋ የላመ ፍርፋሪ ነው።

ሥራቸው ምንድን ነው? የዓሣ ገላ ከውኃ ጋር የሚቀራረብ ክብደት ስላለው፣ ድምፅ ውኃውን ሲያናውጠው ገላውም አብሮ ይናወጣል። ድንጋዩ ግን ከባድ ነውና ይዘገያል። በድንጋዩና በዙሪያው ባለው ሕዋስ መካከል የተፈጠረችውን ይህችን መዘግየት ጥቃቅን ፀጉር መሰል ሕዋሳት ተቀብለው ወደ አንጎል ይልካሉ። ዓሣው የሚሰማው በዚህ መንገድ ነው። ጨለማ ውኃ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች ለይቶ፣ ሚዛኑን ጠብቆ የሚዋኘውም በእነርሱ ነው።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። ዓሣ ሲራብ ሥጋው ይከሳል፤ ቅርፊቱም ከአጥንቱም ማዕድን ሊሟሽሽ ይችላል። የጆሮው ድንጋይ ግን አንዴ የተከመረበት አይነሣበትም። በየቀኑ በስስ ድርብ ላይ ስስ ድርብ እየጨመረ ይሄዳል እንጂ ወደኋላ አይመለስም። ስለዚህ ዓሣው ከተፈለፈለበት ቀን አንሥቶ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ ያለው ታሪኩ ሳይፋቅ ተቀምጦ ይገኛል።

ቅርጹ እንዴት ይነበባል?

ብዙውን ጊዜ የዝርያ መለያ ሆኖ የሚያገለግለው ከሦስቱ ትልቁ፣ ሳጊታው ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ዙሪያውን ያያል፦ ሞላላ ነው? ክብ ነው? ሦስት ማዕዘን ነው? ወይስ እንደ እንዝርት መካከሉ ወፍሮ ጫፎቹ የቀጠኑ? ከዚያ ጠርዙን ይመለከታል፤ አንዳንዱ እንደ ቢላዋ ልሙጥ፣ አንዳንዱ እንደ ማጭድ ጥርስ ያለው ነው። ከፊት ለፊት እንደ ወፍ ምንቃር ሹል ሆኖ የወጣ ጫፍ ይኖረው እንደሆነም ይመዝናል።

ከሁሉ በላይ የሚታየው ግን በአንደኛው ገጹ ላይ የሚያልፈው ቦይ ነው። መስኖ የሚያጠጣ ሰው እንደሚቀድደው ያለ ቦይ ነው። በአንዱ ዓሣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከፍቶ ይሄዳል፣ በሌላው መካከል ላይ ይዘጋል፤ በአንዱ ቀጥ ይላል፣ በሌላው ጫፉ ላይ እንደ ከዘራ ይታጠፋል። የቦዩ ስፋት፣ ጥልቀትና አሄድ ከወገን ወገን ይለያያል።

መጠኑም ይናገራል። በባሕር ውስጥ ከበሮ የሚመስል ድምፅ የሚያሰሙ ዓሣዎች አሉ፤ የእነርሱ የጆሮ ድንጋይ ከገላቸው አንፃር በጣም ትልቅ ነው። በሌላ በኩል ቱና ግዙፍና ፈጣን ዋናተኛ ሆኖ ሳለ የጆሮው ድንጋይ ለገላው እጅግ ትንሽ ነው። ያው ድንጋይ ከዓሣው ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ ዝርያው ከታወቀ በኋላ ድንጋዩን በመለካት የዓሣውን ርዝመት መገመት ይቻላል።

ለምን ይጠቅማል ትሉ ይሆናል። ሥጋ ተፈጭቶ፣ ቆዳ ጠፍቶ፣ ድንጋይ ብቻ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። የባሕር ውሻና የባሕር ወፍ ምን እንደበሉ የሚታወቀው ከሆዳቸው ወይም ከኩሳቸው በሚገኝ የጆሮ ድንጋይ ነው። ከሺህ ዓመታት በፊት የኖሩ ሰዎች የትኛውን ዓሣ እንዳጠመዱ ከጥንት የቆሻሻ ክምር ይነበባል። ጀርመናዊው ኤርነስት ኮከን ከዐለት ውስጥ የወጡ የጆሮ ድንጋዮችን መርምሮ ጽሑፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1884 ነበር። ዛሬ ደግሞ ባርሴሎና ከተማ ያለው የባሕር ሳይንስ ተቋም አፎሮ የተባለ የሥዕል መዝገብ አለው፤ ተመራማሪ ያገኘውን ድንጋይ ፎቶ አንሥቶ፣ ኮምፒውተር ዙሪያውን ለክቶ፣ ከተመዘገቡት ጋር ያስተያይለታል።

ነገሩ ግን ሁልጊዜ ቀላል አይደለም። የጫጩት ዓሣ ድንጋይ የትልቁን አይመስልም። በጨጓራ አሲድ የቆየ ድንጋይ ጠርዙ ይበላል፣ ቦዩም ይደበዝዛል። የአንዱ ዝርያ ዓሣዎች እንኳ በተለያየ ውኃ ሲያድጉ መጠነኛ ልዩነት ያሳያሉ። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ከአንድ ድንጋይ ተነሥቶ አይፈርድም፤ ከትንሽ እስከ ትልቅ የተደረደሩ ናሙናዎች ፊቱ አኑሮ ያመዛዝናል።

ከዞብል ወዲያ ያለው ባሕር

ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በስተምሥራቅ የዞብል ተራራ ቆሞ ከአፋር ሜዳ ይለየናል። የጎሊና ወንዝ ግን ተራራው አላገደውም፤ ወደዚያው ወደ አፋር ይወርዳል። ወንዙ የሚወርድበት ምድር፣ ወደ ሰሜን ርቆ ሲሄድ፣ አንድ ወቅት እውነተኛ ባሕር ነበር። ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር የዳናክልን ዝቅተኛ ቦታ አጥለቅልቆት እንደነበር ሜዳው ዳርቻ ላይ የቀሩት የዛጎልና የኮራል ክምሮች ይመሰክራሉ። ባሕሩ ተቆርጦ ቀርቶ፣ ውኃው ተንኖ፣ ጨው ሆነ። አያቶቻችን በግመል ሲጭኑት የኖሩት አሞሌ የዚያ ምድር ጨው ነው።

ዛሬ በወጣችን ውስጥ የምንጨምረው ጨው በብዛት የሚመጣው ከአፍዴራ ሐይቅ ነው። ያ ሐይቅ ከባሕር ውኃ ይልቅ ጨዋማ ነው፤ ሆኖም ዳር ዳሩን በሚፈልቁ ፍል ውኃዎች አካባቢ ሁለት ዓይነት ትንንሽ ዓሣዎች ይኖሩበታል። ሁለቱም በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የላቸውም። አንዱን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው አበበ ጌታሁን ከኬኔት ላዛራ ጋር ሆነው ለሳይንስ ያስተዋወቁት እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ይህ ዓሣ አፋኒየስ ከሚባል ወገን ነው፤ ዘመዶቹ በቀይ ባሕርና በሜዲትራኒያን ዳርቻ ይኖራሉ።

ይህን ወገን ያነሣሁት በምክንያት ነው። የአፋኒየስ ዓሣዎች ከጣት የማይበልጡ፣ እርስ በርስም በጣም የሚመሳሰሉ ናቸው። በዓይን አይቶ አንዱን ዝርያ ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ጀርመናዊቷ ተመራማሪ ቤቲና ራይሄንባኸርና ባልደረቦቿ በኢራን ውኃዎች የሚገኙትን የዚህ ወገን ዓሣዎች ለመለየት ከተጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የጆሮ ድንጋያቸው ቅርጽ ነው። መልካቸው የተመሳሰለ ዓሣዎች ድንጋያቸው ሲታይ የተለያዩ ሆነው ይገኛሉ። አንድ ዝርያ ብቻ ነው ብለን ያሰብነው ሁለት ከሆነ፣ ደግሞም አንደኛው በአንዲት ምንጭ ውስጥ ብቻ የሚኖር ከሆነ፣ ያቺ ምንጭ ስትደርቅ የሚጠፋው ምን እንደሆነ የምናውቀው በዚህ ዓይነት ጥንቃቄ ብቻ ነው።

የተጣለ ፍርፋሪ መጽሐፍ ሲሆን

በአማራ ክልል በመተማ አቅጣጫ የሽንፋ ወንዝ አለ። በዚያ ወንዝ ዳር ከ70 ሺህ ዓመት በፊት ሰዎች ሰፍረው ነበር። በጆን ካፕልማን የሚመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2024 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ድርቁ ሲበረታና ወንዙ ወደ ተቆራረጡ ኩሬዎች ሲለወጥ ሰዎቹ ከቀድሞው ይልቅ ዓሣ አብዝተው በልተዋል። ይህ የታወቀው ከምግባቸው በተረፈ፣ በየምድጃው ዙሪያ ከተበተነ አጥንት ነው። ምን ዓይነት ዓሣ እንደነበር፣ ከአጋዘኑና ከሌላው አውሬ ጋር ሲነጻጸር ምን ያህል እንደነበር አጥንቱ ተናገረ።

የራያ ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ልቡ ይነካል። ክረምት በጎርፍ ሞልቶ በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ ምን ማለት እንደሆነ እናውቃለን። በክፉ ቀን ያልተለመደውን ምግብ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነም እናውቃለን።

የሐዋሳው ቆጠራ

እስካሁን ያወራነው ድንጋዩ የዓሣውን ዘር እንዴት እንደሚናገር ነው። ዕድሜውንስ? ጀርመናዊው ዮሐንስ ራይቢሽ እ.ኤ.አ. በ1899 በአንድ ጠፍጣፋ የባሕር ዓሣ የጆሮ ድንጋይ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ያሉ የዓመት ቀለበቶች እንዳሉ አሳየ። ጆርጆ ፓኔላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ከዚያ የቀጠኑ፣ በየቀኑ የሚጨመሩ መስመሮች እንዳሉ አስታወቀ።

በቀዝቃዛ አገሮች ቀለበቱ የሚፈጠረው ክረምታቸው ሲበርድ የዓሣው ዕድገት ስለሚዘገይ ነው። አንድ ክረምት፣ አንድ ቀለበት። በእኛ አገርስ? በረዶ የለም። ለረጅም ጊዜ የሞቃት አገር ዓሣ ዕድሜው አይቆጠርም የሚል አመለካከት ነበር።

ይህን ካጠኑት መካከል የእኛው ሰዎች ይገኛሉ። ደመቀ አድማሱ ከካናዳዊው ጆን ካስልማን ጋር ሆነው በሐዋሳ ሐይቅ ቆሮሶ ላይ የሠሩትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙ። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ የሐዋሳ ቆሮሶ በጆሮ ድንጋዩ ላይ በዓመት አንድ ሳይሆን ሁለት ምልክት ያኖራል። ጫጩቶቹም በዓመት ውስጥ በሁለት ወቅት ይመጣሉ፤ ስለዚህ ቆጣሪው ዓሣው ከየትኛው ወቅት እንደተወለደ መለየት አለበት። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ዮሴፍ ተክለ ጊዮርጊስም ከዚሁ ከካስልማን ጋር በዚህ የአቆጣጠር ዘዴ ላይ ጽፏል።

የዚህ ጥቅሙ ለማን ነው? ለገበታችን ነው። አንድ ሰው ስድስት ምልክት ቆጥሮ «ስድስት ዓመቱ ነው» ቢል፣ ዓሣው ግን ሦስት ዓመቱ ቢሆን፣ ስለ ሐይቁ የሚሰጠው ምክር ሁሉ ይዛባል። ቆሮሶው በምን ፍጥነት እንደሚያድግ፣ በስንት ዓመቱ ለመረብ እንደሚደርስ፣ ምን ያህል ቢወጣ ሐይቁ እንደሚተካ የሚሰላው ከዚህ ቁጥር ተነሥቶ ነውና።

ስሕተቱ ምን እንደሚያስከፍል የኒውዚላንድ ባሕር ያስተምረናል። በጥልቅ ውኃ የሚኖር ብርቱካናማ ዓሣ አለ፤ በእንግሊዝኛ ስሙ ኦሬንጅ ራፊ ይሉታል። ማጥመዱ ሲጀመር ዓሣው እንደሌሎቹ ቶሎ የሚተካ መስሏቸው በብዙ ሺህ ቶን አወጡት። በኋላ የጆሮ ድንጋዩ ተሰንጥቆ ሲቆጠር ከ100 ዓመት በላይ የሚኖር፣ ለመራባትም ከ20 ዓመት በላይ የሚጠብቅ ሆኖ ተገኘ። መርከቦቹ ያወጡት የልጅ ልጆቻቸውን ጊዜ የሚያህል ዕድሜ ያለውን ዓሣ ነበር። መንጋው ተመናመነ፤ አንዳንዱ የማጥመጃ ስፍራም ተዘጋ።

የእኛም ሐይቆች ከዚህ አደጋ ነፃ አይደሉም። በጣና ሐይቅ ብቻ የሚገኙ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ለመራባት ወደ ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ ላይ በመረብ እየተያዙ፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ቁጥራቸው በእጅጉ ቀንሷል። ኢትዮጵያ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315ን በ1995 ዓ.ም. ያወጣችው እንዲህ ያለውን ነገር ለመግታት ነው። ዐዋጅ ግን ብቻውን ዓሣ አይጠብቅም። ገዢው «ይህቺ ጫጩት ናት፣ አልገዛም» ካላለ ቀጭን መረብ ከሐይቁ አይወጣም።

እቤት ውስጥ ከልጆች ጋር

ለእኛ ቅርብ የሆኑት ሁለት ሐይቆች ወደ ሰሜን ከኮረም ወዲያ ያለው አሸንጌና ወደ ደቡብ በደሴ መንገድ ያለው ሐይቅ ናቸው። በሁለቱም ያለው ቆሮሶ በሰው እጅ የገባ ነው፤ ወደ ሐይቅ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወውና፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ቤት ዓሣ በገባ ቀን ከልጆች ጋር እንዲህ ሞክሩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቆሮሶን ምረጡ፤ ድንጋዩ ትልቅና ለማግኘት ቀላል ነው። አምባዛና ነጭ ዓሣ ግን ያስቸግራሉ፤ በእነርሱ ወገን ሳጊታው እንደ መርፌ ቀጥኖ ትልቁ ድንጋይ ከሌሎቹ ሁለቱ አንዱ ነው። ሰርዲንማ ቆርቆሮ ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቱ ስለተቆረጠ ድንጋዩም ፋብሪካ ቀርቷል።

ዓሣውን ከማጽዳታችሁ በፊት ልጁ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ጫፍ ይለካውና ይጻፍ። ከዚያ ጭንቅላቱን ለብቻው ቀቅሉ። ሲበርድ የራስ ቅሉ በጣት ይላቀቃል። ቢላዋ ካስፈለገ የሚይዘው አዋቂ ይሁን። ከዓይን ወደኋላ፣ ከአንጎሉ ሥር፣ በግራና በቀኝ የምስር ክክ የሚያክሉ ሁለት ነጫጭ ድንጋዮች ታገኛላችሁ። በንጹሕ ውኃ እጠቡና አድርቁ። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ እንዳይነካቸው፤ አሲድ ያሟሟቸዋል። ከተረፈ ፍርፋሪ ላይ ግን ሎሚ ጠብ አድርጋችሁ ሲንተከተክ ብታሳዩት ልጁ የኖራን ጠባይ በአንድ ጊዜ ይማራል።

የግራውንና የቀኙን ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ በመስተዋት እንደሚታዩ መንትዮች ይሆናሉ። በእጅ መነጽር ወይም በስልክ ካሜራ አቅርባችሁ ጠርዙንና ቦዩን ፈልጉ። ዕድሜ መቁጠር ድንጋዩን ሞርዶ በማይክሮስኮፕ ማየት ስለሚጠይቅ እሱን ለባለሙያ ተዉት። በትንሽ ፖስታ ከትታችሁ ቀኑን፣ የሐይቁን ስምና የዓሣውን ርዝመት ጻፉበት። ሕፃናት ወደ አፋቸው ስለሚወስዱት ከእጃቸው አርቁት።

ፖስታው አሥር ሲሞላ፣ የትንሹንና የትልቁን ዓሣ ድንጋይ ልጁ ራሱ ያስተያያል። የሚገዛው ዓሣ ከወር ወር እያነሰ መምጣቱንም ከጻፈው ርዝመት ያነባል። የዚህን ትርጉም አስረዱት፤ ጫጩቱ ከተበላ የሚወልድ አይኖርም።

ለእኛ ለአያቶች አንድ ቃል

በሰው ጆሮ ውስጥም የዚህ ዘመድ አለ። ቅርጽ ያለው ድንጋይ ሳይሆን እንደ ዱቄት የላመ የካልሲየም ፍርፋሪ ነው፤ ሚዛናችንን የሚጠብቀው እርሱ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ራስ ሲመታ ከቦታው ተፈናቅሎ ወደ ሌላው የጆሮ ቱቦ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ አልጋ ላይ ስንገላበጥ ወይም ቀና ስንል ቤቱ ለጥቂት ሰከንዶች ይሽከረከርብናል። ብዙ አያቶች «ደም ግፊቴ ነው» ብለው ዝም ይላሉ፤ ወድቀውም ይሰበራሉ።

ይህ ሕመም ብዙውን ጊዜ በመድኃኒት ሳይሆን ሐኪም ራስን በተወሰነ ቅደም ተከተል በማዞር የሚታከም ነው። ኤፕሊ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ባስተዋወቀው መንገድ ፍርፋሪው ወደ ቦታው እንዲመለስ ይደረጋል። ስለዚህ ሳታፍሩ ለሐኪም ተናገሩ። ነገር ግን ማዞሩ ከአፍ መጣመም፣ ከንግግር መኮላተፍ፣ ከአንድ ወገን መዛል ወይም አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ከማየት ጋር ከመጣ ሌላ ከባድ ነገር ሊሆን ይችላልና ሳትዘገዩ ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

እናቶችና አባቶች፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዓሣ ስትገዙ ከነጭንቅላቱ ግዙት። መረቁም ይጣፍጣል፣ ልጆቹም የሚያነቡት ያገኛሉ። እናንተ አያቶች ደግሞ በዚያው ቀን የበሬን ጥርስ፣ የላምን ቀንድና የማሽላን ፍሬ እንዴት እንደምታነቡ አሳዩአቸው። ያ ዕውቀት ከእናንተ ጋር እንዲቀር አትፍቀዱ። ሰላም ሰንብቱ።